ባለ ሦስት ፊደሏ ቃል

ድምፃችሁን ቀነስ አድርጋችሁ አንብቡት፤ ከእንጀራዬ ጋር የሚያጣላኝ ወሬ ነው። ጋዜጣ ወይም መጽሔት ላይ «ሰቆቃ» የሚል ርዕስ ስታዩ፣ ጸሐፊው ከስንት ቃል መካከል አበጥሮ አንጓሎ የመረጠው ይመስላችሁ ይሆናል። አንዳንዴ እንደዚያ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ቃሉ እዚያ የተገኘው ቦታ ስለማይፈጅ ነው። ሰ፣ ቆ፣ ቃ፤ ሦስት ፊደል፣ በቃ። ማታ ላይ ገጹ ወደ ማተሚያ ቤት ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው «ኢሰብአዊ አያያዝ» የሚል ርዕስ ይዛችሁ ገጽ አቀናባሪው ዘንድ ብትሄዱ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ «አይገባም፣ አሳጥሩት» ይላችኋል። ያን ጊዜ ከአርታኢዎቹ አንዱ ከተቀመጠበት «ሰቆቃ በለው!» ይላል። ይገባል። ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሬድዮ ቤት ያሉ ወዳጆቻችን ቃሉን የሚወዱት በሌላ ምክንያት ነው። ቆ እና ቃ ከጉሮሮ ፈንድተው የሚወጡ ድምፆች ናቸው፤ ማይክሮፎኑን ይመቱታል። መከራ ልስልስ ነው፣ ችግር ደግሞ ከመለመዱ የተነሣ ጆሮ አይገባም። ዜና አንባቢው ሰቆቃ ላይ ሲደርስ ድምፁን ትንሽ ያወርዳል፣ ትንሽ ቆም ይላል፤ አድማጩም ነገሩ ከባድ መሆኑን ሳይነገረው ይገባዋል። አንባቢ ሲያሠለጥኑ ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ የለም። ሁሉም ግን ያደርገዋል።

እኔ አራሚ ነኝ። ሥራዬ የሌላውን ሰው ጽሑፍ ማንበብ፣ ፊደል መልቀም፣ አንዳንዴም ደራሲው ሳያውቅ አንድ ቃል አውጥቶ ሌላ ማስገባት ነው። በዚህ ወንበር ላይ ከሚያልፉ የሐዘን ቃላት ሁሉ እንደ ሰቆቃ ሥራ የሚያበዛብኝ የለም። ለቅሶ ለቅሶ ነው። መርዶ ድሮም መርዶ ነበር፣ ዛሬም ነው። ሐዘን ብዙ ፊት ቢኖረውም (አዘነለት ማለት ራራለት ነው፣ አዘነበት ማለት ተቀየመው ነው) ባለቤቱ አይጠፋበትም፤ ያዘነው ሰው ማን እንደሆነ ሁልጊዜ ይታወቃል። ሰቆቃ ግን ባለቤቱን ቀይሯል። ሹክ ልላችሁ የፈለግሁትም ይህንኑ ነው።

እንዴት እንደቀየረ ለማየት መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልግም፤ አብሮት የሚሄደውን ግሥ ማየት ይበቃል። በቀደሙት ጽሑፎች ውስጥ ሰዎች ሰቆቃ ያሰማሉ። ከአፍ የሚወጣ፣ በጆሮ የሚሰማ ነገር ነው። ትንሽ ቆይቶ ሰቆቃ በሰው ላይ መድረስ ይጀምራል፤ «የደረሰባቸው ሰቆቃ» ይባላል። አሁን በእኔ ጠረጴዛ የሚያልፉት ጽሑፎች ውስጥ ደግሞ ሰቆቃ ይፈጸማል። ፈጻሚ አለው፣ ትእዛዝ ሰጪ አለው፣ አንዳንዴም ክስ ይመሠረትበታል። ማሰማት፣ መድረስ፣ መፈጸም። ስሙ ንቅንቅ ሳይል ግሡ ብቻ ተቀያየረና ቃሉ ከአልቃሹ አፍ ወጥቶ በገራፊው እጅ ገባ።

መነሻው ግእዝ ነው። ሰቆቀወ ማለት አለቀሰ፣ ዋይ አለ፣ ሙሾ አወረደ ነው፤ ስሙ ሰቆቃው ሲሆን፣ ከሌላ ስም ጋር ሲናበብ ሰቆቃወ ይሆናል። ብዙው አማርኛ ተናጋሪ ይህን መልኩን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ቅዱስ ማውጫ ነው፦ ሰቆቃወ ኤርምያስ። ኢየሩሳሌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ገደማ በባቢሎናውያን ስትፈርስ የተለቀሰላት ለቅሶ ነው። አይሁድ መጽሐፉን በመጀመሪያ ቃሉ «ኤካ» ይሉታል፣ እንዴት ማለት ነው። የእኛ ሊቃውንት ግን በቃሉ ሳይሆን በድርጊቱ ጠሩት።

ይህን መጽሐፍ ሥራዬ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስገርመዋል። 5 ምዕራፎች አሉት። 1ኛው፣ 2ኛውና 4ኛው እያንዳንዳቸው 22 ቁጥር ናቸው፤ 3ኛው 66 ነው። የዕብራይስጥ ፊደላት 22 ናቸው፤ እነዚህ ምዕራፎች የተደረሱት በፊደል ተራ ነው። አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያለ ይሄዳል፤ በ3ኛው ምዕራፍ ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ሦስት ቁጥር ይደርሰዋል። አገር ጠፍቶ፣ ቤተ መቅደስ ተቃጥሎ፣ ረኀብ ገብቶ፣ ሰውየው ፊደል እየቆጠረ ያለቅሳል። ስለዚህ ሰቆቃው ድንገት ያመለጠ ጩኸት አይደለም። ታስቦበት የተደረሰ፣ ልክና ቤት ያለው ንግግር ነው። እኛ አገር ደህና አልቃሽ ለቅሶ ቤት ቆማ ሟቹን በስም፣ በሞያ፣ በዘር እየጠራች የምታወርደውን የሰማ ሰው ይህ አይጠፋውም። ሙሾ ዝም ብሎ ማልቀስ ሆኖ አያውቅም፤ አልቃሿ ምን ብላ ምን እንደምታስከትል ታውቃለች።

የግእዙን ቃል በመዝገበ ቃላቱ ካኖሩልን ሊቃውንት አንዱ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው፤ መዝገበ ቃላታቸው በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ እጅ ተጠናቅቆ በ1948 ዓ.ም. ታተመ። አለቃ ረጅም ዘመን የኖሩት ኢየሩሳሌም ነበር፤ ሰቆቃወ ኤርምያስ የተለቀሰላት ከተማ ውስጥ ማለት ነው። ይህ ለጽሑፌ የሚጨምረው ነገር ባይኖርም ሳስበው ደስ ስለሚለኝ ጻፍኩት።

የቀድሞው ትርጉም ዛሬም በሕይወት ያለበት ቦታ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ዘመነ ጽጌ፣ ቅዳሜ ማታ ለእሑድ አጥቢያ ሊቃውንቱ ማኅሌተ ጽጌን ይቆማሉ፤ አብሮት ሰቆቃወ ድንግል ይባላል። እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ከሄሮድስ ሸሽታ ወደ ግብፅ መሰደዷን የሚያለቅስ ድርሰት ነው። ሌሊቱ ሲገፋ፣ ብርዱ ከእግር ሲጀምር፣ ነጭ የለበሱት መዘምራን ግራና ቀኝ ተሰልፈው በመቋሚያ እየተወዛወዙ ሲቀበሉት ላየ ሰው ለቅሶ አይመስልም። ጽናጽል አለ። ከበሮ አለ። መጀመሪያ በቀስታ ይመታል፣ ኋላ ይፈጥናል፤ ወረቡ ላይ ሲደርስ ጭብጨባም አለ። ውጭ አገር ያደገ አንድ ዘመዴ ይዤው ሄጄ «ሠርግ ነው እንዴ?» ብሎኛል። አልፈረድኩበትም። እናት በበረሃ ልጇን ይዛ ስትንከራተት ተጨብጭቦ ይዘመራል፤ ሰቆቃው ስሙ እንደሆነ አለ።

እዚያ ቤተ ክርስቲያን ያሉ አንድ የኔታ አሉ። ቃል ሲቸግረኝ እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«የኔታ፣ ሬድዮው ‹ሰቆቃ ተፈጸመ› ሲል እርስዎ ምን ይሰማዎታል?»

«ለቅሶው አለቀ ነው የሚለኝ» አሉ።

መቀለዳቸው መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነው። በብራና መጽሐፍ መጨረሻ ላይ «ተፈጸመ» የሚል ይጻፋል፤ አለቀ፣ ተጠናቀቀ ማለት ነው። ሰቆቃ ለቅሶ ከሆነና ተፈጸመ አለቀ ከሆነ የዜናው አርዕስት ለሳቸው የምሥራች ነው። «ታዲያ መልካም ዜና ከሆነ አንተ ልጅ፣ ምን ያሳዝንሃል?» አሉኝ። ቢሮ ገብቼ ለባልደረቦቼ ብነግራቸው ማንም አልሳቀም፤ አንዱ «የኔታን ዓምደኛ እናድርጋቸው» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አሁን ደግሞ የግሌን ግምት ልንገራችሁ፤ ምሁራን ዘንድ ሄዳችሁ በስሜ እንዳትምሉ። ሰቆቃው እንዴት ሰቆቃ ሆነ? እኔ እጠረጥራለሁ፣ ጥፋቱ የመጨረሻዋ ው ነች። አማርኛ ተናጋሪ ቃል መጨረሻ ላይ ው ሲሰማ የሚታወቅን ነገር የሚያመለክት ይመስለዋል፤ በሬው፣ አደጋው እንደሚል። ሰቆቃውን ሲሰማም «ያ ሰቆቃ» የተባለ መስሎት ጭራውን ቆረጠና ሰቆቃ የሚል አዲስ ስም አወጣ። ግእዙ ው ከሥሩ ናት፤ እኛ ግን እንደ ትርፍ ቆጥረን ጣልናት። ዛሬ «ሰቆቃው ቀጥሏል» ብለን ስንጽፍ ው ተመልሳ ትመጣለች፣ በሌላ ሥራ። የኔታ ቢያነቡት ለቅሶው ቀጥሏል ይላሉ፤ የኛ አንባቢ ግፉ ቀጥሏል ይላል። ሁለቱም በአንድ ፊደል ሳይጣሉ ያልፋሉ።

በዘመናዊው ሥነ ጽሑፍ የድሮውን ትርጉም በእጁ ይዞ የሠራበት ሰው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። ሰቆቃወ ጴጥሮስ ብሎ ሲሰይም የጣልያን ወራሪ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያስረሸናቸው አቡነ ጴጥሮስ የሚናገሩትን ማለቱ ነው፤ የተደረገባቸውን አይደለም። የሚያለቅሱት እሳቸው ናቸው። የሚለቀሰውም ለራሳቸው ሞት አይደለም፤ ለአገር ነው። ኤርምያስም እንደዚያው፣ የከተማውን ለቅሶ ነው ያለቀሰው። በሁለቱም ከ«ሰቆቃወ» ቀጥሎ የሚመጣው ስም ባለ ድምፁ ነው። «የስደተኞቹ ሰቆቃ» ስንል ግን ስደተኞቹ ምን እንዳሉ አንነግራችሁም። ምን እንደተደረጉ ነው የምንነግራችሁ፤ እሱንም በእኛ አፍ።

ቃሉን ወደ ግርፋት ከጎተቱት አንዱ ጎረቤቱ ሥቃይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሥራቸው ለየቅል ነው፤ ድምፃቸው ግን ይቀራረባል፤ ሲቃም መጥቶ ይጨመርበታል። ሰው ሲቃ ይዞት ሲናገር፣ ሥቃዩን ሲያወራ፣ ሰቆቃ ቢሉት ጆሮው አይቆረቁረውም።

ሌላው ግን ሆነ ተብሎ የተደረገ ነው፤ የተደረገውም በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነው። ኢትዮጵያ ጸረ ማሰቃየት የሚባለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት የተቀበለችው በ1986 ዓ.ም. ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1987 ዓ.ም.፣ ሕገ መንግሥቱ ወጣ፤ አንቀጽ 106 የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። ስለዚህ ቃሉ ቀልድ አይደለም። በአንቀጽ 28 ላይ፣ በይርጋ ከማይታገዱት ወንጀሎች መካከል፣ እንግሊዝኛው «ቶርቸር» ያለውን አማርኛው ኢሰብአዊ ድብደባ ብሎ አለፈው። ጥሩ አማርኛ ነው፤ ግን ሰውን ሳይመቱ ማሰቃየት እንደሚቻል የታሰረ ሁሉ ያውቃል። እንቅልፍ መከልከል ድብደባ ነው? ኤሌክትሪክስ?

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ተርጓሚዎች በየሆቴሉ አዳራሽ ሲሰበሰቡ ይህች ቃል ስትነሣ ምሳ ይዘገያል። እኔም ተቀምጬ አይቻለሁ። አንዱ «ማሰቃየት» ይላል። ሌላው ይነሣና «ጥርሴ አሠቃየኝ ይባላል፣ ልጄ አሠቃየኝ ይባላል፣ በፍርድ ቤት ያስቃል» ይላል። «ግርፋት» ሲባል ጠበበ ይባላል። «ቶርቸር ብለን እንተወው» የሚል አይጠፋም፤ ሽማግሌዎቹ ይቆጡታል። በመጨረሻ ከኋላ አንድ ሰው «ሰቆቃስ?» ይላል። ዝም ይባላል። ማንም በየቀኑ የማይጠቀምበት፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ክብደት ያለው፣ በጥርስ ሕመም ያልረከሰ ቃል ነው። ይጻፍ ይባላል። ሪፖርት ላይ ይወጣል፣ ከሪፖርት ወደ መግለጫ፣ ከመግለጫ ወደ ዜና፣ ከዜና ወደ እኔ ጠረጴዛ።

ተርጓሚዎቹ ተሳስተዋል አልልም። ክፍት ቦታ ነበር፤ ቃል አስገቡበት። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፦ የደረሰበት ሰው ቃሉን አይጠቀምበትም። ከእስር የወጡ ሰዎች ቃለ መጠይቅ በድምፅ መቅጃ ይመጣልን የለ? ከወረቀቱ በፊት ድምፁን መስማት እወዳለሁ። «ገረፉኝ» ይላሉ። «ዘቀዘቁኝ» ይላሉ። የደርግ ዘመን ሰዎች የግርፋቱን ዓይነት በስሙ ጠርተው ወፌ ላላ ይላሉ፤ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ አጠገብ ከተከፈተ ወዲህ ወጣቱም ያን ስም ለምዶታል። «ሰቆቃ ተፈጸመብኝ» ያለ ሰው ግን በመቅጃ ሰምቼ አላውቅም። ጽሑፉ ተተይቦ ሲመጣ አለ። ከድምፁ ወደ ወረቀቱ ሲሻገር ዘጋቢው አስገብቶታል፤ «ገረፉኝ» ያለችው ሴት «ሰቆቃ እንደተፈጸመባት ገልጻለች» ሆና ትመጣለች። እስክርቢቶ አንሥቼ «እንደገረፏት ተናግራለች» እላለሁ። ከዘጋቢው ጋር የምንጣላው እዚህ ላይ ነው፤ እሱ ቃሏን ያከበረላት ይመስለዋል።

አሮጌውና አዲሱ ትርጉም በአንድ ቦታ ሲገናኙ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ባላየሁት ይሻል ነበር። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት በሲና በረሃ፣ ኋላም በሊቢያ፣ ሰው አጋቾች ስደተኞችን እያገቱ ቤተሰብ ገንዘብ እንዲልክ ያስገድዱ ነበር። አብዛኞቹ ኤርትራውያን፣ ከነሱም ጋር ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የሥራቸው አካሄድ ይታወቃል፦ እየገረፉ ስልክ ይደውላሉ። አዲስ አበባ፣ አስመራ፣ ቴል አቪቭ፣ ስቶክሆልም ያለ ወንድም ስልኩን ሲያነሣ የሚሰማው ንግግር አይደለም፣ ጩኸት ነው። እናት እንድትሰማው ነው የሚገርፉት። ድምፁ ነው ገንዘቡን የሚያመጣው። ቤተሰብ ወርቅ ይሸጣል፣ ዕቁብ ያወጣል፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ይለምናል።

ያን ሰሞን አንድ ዘገባ መጣልኝ፤ ዘጋቢው «ቤተሰቦች የልጃቸውን ሰቆቃ በስልክ እንዲሰሙ ይደረጋል» ብሎ ጽፏል። እስክርቢቶዬን አነሣሁና አስቀመጥሁት። ሰቆቃው ይሰማ ነበር፤ ግእዙ እንዳለው፣ ከአፍ የሚወጣ ለቅሶ። ይፈጸምም ነበር፤ ሪፖርቱ እንዳለው። አንዱን ትርጉም ወስጄ ሌላውን የማወጣበት መንገድ አልነበረኝም። እንዳለ አለፈ። በዚያ ገጽ ላይ ያረምሁት ነገር ቢኖር ኮማ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ግን ርካሽ ሆኗል፤ ይህንም መደበቅ አያስፈልግም። የታክሲ ሰልፍ ሰቆቃ። የኔትወርክ መቆራረጥ ሰቆቃ። የቡድናችን ደጋፊዎች ሰቆቃ፣ እሱም በሁለት ለዜሮ ሽንፈት። ስፖርት ክፍሉ ቃሉን እንዲተው ብጠይቀው «አንባቢ ይወደዋል» አለኝ፤ እውነቱን ነው። እኔ የያዝሁት መላ ቀላል ነው። ሰቆቃ በሚል ቃል ላይ ስደርስ ማን አለቀሰ ብዬ እጠይቃለሁ። የሚያለቅስ ሰው በጽሑፉ ውስጥ ካለ ይቀራል። ከሌለ ድርጊቱን በስሙ እጠራለሁ፤ ገረፉ፣ አሰሩ፣ አስራቡ፣ አዘገዩ። የታክሲ ሰልፍ ከሆነ «እንግልት» አለችልን፤ አምስት ፊደል ብቻ ናት፣ ገጽ አቀናባሪውም አያማርርባትም።

ይህን መላ የፈተነብኝ አንድ ወጣት ዓምደኛ ነው። «ሰቆቃወ ተከራይ» የሚል ጽሑፍ ይዞ መጣ። የቤት ኪራይ በየስድስት ወሩ የሚጨመርበት፣ ዕቃውን በጋሪ ከሰፈር ሰፈር የሚያዞር ሰው ነው የሚናገረው፤ እኔ እያለ፣ አከራዩን፣ ደላላውን፣ የውኃ ቆጣሪውን በስም እየጠራ፣ እያንዳንዱን አንቀጽ በሀ፣ በለ፣ በሐ፣ በመ እየጀመረ ያወርደዋል። አልቅሶ አልቅሶ ረ ላይ ሲደርስ ቤት አግኝቶ ይቆማል። አንድም ቃል አልነካሁበትም። ዋና አዘጋጁ ግን ጠራኝ።

«ሰውየው እየቀለደ ነው ወይስ እያዘነ ነው? የት ገጽ ላይ እንደማወጣው ቸገረኝ» አለ።

«አላውቅም» አልኩት፤ «ሰቆቃው ግን ሰቆቃ ነው፤ አልቃሹም ራሱ ነው።»

መዝናኛ ገጽ ላይ ወጣ፤ ከቃላት ጨዋታው በላይ።